በግድብ ሐይቆች የሚዝናናውን ሕዝብ ማን ይቁጠር?

የአሜሪካ የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ባወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 852 «ቅጽ 80» በመባል የሚታወቀውን ሪፖርት ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ቅጹን የሚሞሉት ከኮሚሽኑ ፈቃድ ወስደው የውኃ ኃይል ማመንጫ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ነበሩ። በየስድስት ዓመቱ በሐይቆቻቸውና በወንዝ ዳርቻዎቻቸው ለመዝናናት ምን ያህል ሰው እንደመጣ፣ ምን ዓይነት መገልገያዎች እንደተዘጋጁለትና መገልገያዎቹ ምን ያህል እንደተጨናነቁ ያሳውቁበት ነበር። የመጨረሻው ዙር የ2014ን መረጃ ይዞ በኤፕሪል 2015 ቀረበ፤ የሚቀጥለው በ2021 መቅረብ ሲገባው ግዴታው አስቀድሞ ተነሣ። ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ አንድ ወረቀት የመቀነስ ጉዳይ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ የሕዝብ ወንዝ ከ30 እስከ 50 ለሚደርስ ዓመት የተሰጠው ድርጅት፣ ሕዝቡ በወንዙ እንዴት እየተገለገለ እንዳለ ማንም ሳይጠይቀው የማወቅና የማሳወቅ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም?

የኤሌክትሪክ ኩባንያ ስለ ጀልባ ማውረጃና ስለ ሽርሽር ቦታ የሚጠየቅበት ምክንያት በሕጉ ውስጥ በግልጽ ሰፍሯል። በ1920 የወጣው የፌዴራል የውኃ ኃይል ሕግ ወንዝን ለኃይል ማመንጫነት መጠቀም በመንግሥት ፈቃድ የሚገኝ፣ በጊዜ የተገደበ መብት አድርጎ ደነገገ። በ1935 ሕጉ ሲሻሻል፣ ፈቃድ የሚሰጠው ፕሮጀክት ከወንዙ አጠቃላይ የልማት ዕቅድ ጋር ሊጣጣምባቸው ከሚገቡ የሕዝብ ጥቅሞች መካከል መዝናኛ በስሙ ተጠቀሰ። በ1986 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ኮሚሽኑ ፈቃድ ለመስጠት ሲወስን ለኃይል ምርት የሚሰጠውን ያህል ግምት ለዓሣና ለዱር እንስሳት፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለኃይል ቁጠባና ለመዝናኛ እንዲሰጥ አስገደደው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቀረጸው የኮሚሽኑ የመዝናኛ ፖሊሲም ከባለፈቃዶች የሚጠበቀውን ይዘረዝራል፤ ለመዝናኛ የሚያስፈልገውን መሬት ማግኘት፣ መዳረሻና መገልገያ ማዘጋጀት፣ የአካል ጉዳተኞችን ፍላጎት ከግምት ማስገባት፣ ንጽሕናና ደኅንነትን መጠበቅ፣ እንዲሁም እነዚህ ነገሮች መኖራቸውን ለሕዝብ ማሳወቅ። የመዝናኛ ቦታው እንግዲህ የባለፈቃዱ ችሮታ አይደለም፤ ወንዙን የመገደብ መብት ከተሰጠበት ዋጋ አንዱ ክፍል ነው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በኮሚሽኑ ፈቃድ የሚሠሩትን ግድቦች ብቻ ነው። ሁቨርንና ግራንድ ኩሊን የመሳሰሉት የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ የሠራቸውና የሚያስተዳድራቸው ግድቦች በዚህ ሥርዓት አይታቀፉም። በሚዙሪ የባግኔል ግድብ የፈጠረው የኦዛርክስ ሐይቅ፣ በደቡብ ካሮላይና መሪ (Murray) የተባለው ሐይቅ፣ የቨርጂኒያው ስሚዝ ማውንቴን ሐይቅና የካሊፎርኒያው ኦሮቪል ግን በሥርዓቱ ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን ሐይቆች የሚያውቃቸው በጀልባ፣ በዓሣ ማጥመድና በድንኳን ማደሪያ ነው፤ ተርባይን እንዲያዞሩ የተሠሩ መሆናቸውን የሚያስበው ጥቂቱ ነው።

ቅጹ ይጠይቅ የነበረውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ያለው እዚያው ስለሆነ ነው። ዋናው መለኪያ «የመዝናኛ ቀን» ይባል ነበር፤ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንኛውም ያህል ጊዜ ለመዝናናት ወደ ፕሮጀክቱ ከመጣ አንድ የመዝናኛ ቀን ተብሎ ይቆጠራል። ሃያ ደቂቃ ቆሞ ግድቡን የተመለከተ መንገደኛና ከንጋት እስከ ምሽት ዓሣ ሲያጠምድ የዋለ ሰው በዚህ መለኪያ እኩል ናቸው። ድርጅቱ የዓመቱን የቀንና የሌሊት ጎብኚ ቁጥር፣ የበዓላት ቅዳሜና እሑዶችን አማካይ ቁጥር፣ ለመዝናኛ ያወጣውን ወጪና ያገኘውን ገቢ ይሞላል። ከዚያም ከጀልባ ማውረጃ እስከ እግር መንገድ፣ ከመዋኛ እስከ ድንኳን ማደሪያ ያሉትን መገልገያዎች በየዓይነታቸው ቆጥሮ፣ ምን ያህሉ በነፃ ምን ያህሉ በክፍያ እንደሚያገለግሉ ለይቶ፣ አቅማቸው በስንት በመቶ እንደተያዘ ይጽፋል።

ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ተራ ነው። ወደ ጀልባ ማውረጃው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የጎማ ቱቦ ይዘረጋል፤ የመኪና ጎማ በረገጠው ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ በመንገዱ ዳር ያለው ሳጥን አንድ ምት ይመዘግባል። አንድ መኪና ሲገባና ሲወጣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ አራት ምት ያስመዘግባሉ። ሁለት አክስል (የጎማ ዘንግ) ባለው ተጎታች ላይ ጀልባ የጫነ መኪና ግን ስምንት ምት ያስመዘግባል። ሳጥኑ በአንድ ቀን 400 ምት ቢያሳይና ቆጣሪው በአራት ቢያካፍል 100 መኪና ያገኛል፤ የመጡት ሁሉ ባለ ተጎታች ከሆኑ ግን እውነተኛው ቁጥር 50 ነው። በእያንዳንዱ መኪና ሦስት ሰው አለ ተብሎ ሲባዛ አንደኛው ስሌት 300፣ ሁለተኛው 150 ሰው ይሰጣል። ጥንቃቄ ያለው ቆጣሪ ሠራተኛ አቁሞ በዓይን እያመሳከረ ስሌቱን ያርማል፤ የማይጠነቀቀው ግን አያርምም፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ አንድ ዓይነት የሚመስል ቁጥር ይጽፋሉ።

የአቅም መቶኛው ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። መመሪያው ድርጅቱ በዓላት በማይውሉባቸው ቅዳሜና እሑዶች የሚታየውን አማካይ አጠቃቀም፣ በፕሮጀክቱ ካሉት አንድ ዓይነት መገልገያዎች ድምር አቅም ጋር እንዲያነጻጽር ይነግረዋል። እያንዳንዳቸው 40 መኪና የሚያቆሙ ሁለት የጀልባ ማውረጃዎች አሉ እንበል። ለከተማ ቅርብ የሆነው 40ውም ቦታ ተይዞ ቀሪዎቹ በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ በሐይቁ ማዶ ባለው አሥር መኪና ብቻ ቆሟል። ድምሩ ከ80 ቦታ 50 ስለሆነ ሪፖርቱ አቅሙ ወደ 63 በመቶ ገደማ ተይዟል ይላል። የተሰለፉት አልተቆጠሩም፤ ሰልፉን አይተው የተመለሱት ደግሞ ከነጭራሹ አልነበሩም ማለት ነው። ጭንቅንቁ የሚብሰው በጁላይ 4ና በመሰል በዓላት ሲሆን፣ መቶኛው የሚለካው እነዚያን ቀናት ትቶ ነው።

ኮሚሽኑ ቅጹን ሲሰርዝ ያቀረበው ምክንያት በዚህ በኩል ሲታይ መሠረት ነበረው። ሠራተኞቹ ስለ አንድ ፕሮጀክት መወሰን ሲኖርባቸው የሚመለከቱት የፈቃዱን አንቀጾች፣ ለዚያ ፕሮጀክት የጸደቀውን የመዝናኛ ዕቅድ፣ በቦታው የሚደረገውን የአካባቢ ፍተሻ ውጤትና ከሕዝብ የሚቀርበውን አቤቱታ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ የተቆረጠ ቅጽ ለዚህ ሥራ የሚያበረክተው ጥቂት ነው። ደግሞም በቅጹ ላይ የሚጻፍ የትኛውም ቁጥር በራሱ ምንም ነገር እንዲደረግ አያስገድድም ነበር። አንድ መገልገያ ከአቅሙ በላይ ተይዟል ብሎ የጻፈ ድርጅት በዚያ ብቻ ሌላ እንዲሠራ አይታዘዝም።

ሆኖም የሸክም ቅነሳውን መከራከሪያ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ቅጹ ራሱ አንድን ምላሽ ለማዘጋጀት የሚወስደውን ጊዜ በአማካይ 3 ሰዓት ብሎ ይገምት ነበር፤ ያውም በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ። በዓመት ከ100 በታች የመዝናኛ ቀን ያለው ቦታም አንድ ጊዜ ሪፖርት ካቀረበ በኋላ ከዚያ ወዲያ ነፃ ይሆናል፤ ስለዚህ የትንንሾቹ ማመንጫዎች ሸክም አስቀድሞ ተቃሎ ነበር። በእርግጥ ሦስት ሰዓት ከሆነ የተነሣው ሸክም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ቱቦ ዘርግቶ፣ ሠራተኛ አቁሞ፣ አንድ ወቅት ሙሉ ቆጥሮ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት አይበቃም። ግምቱ የሚነግረን እንግዲህ ብዙዎቹ ቁጥሮች ከቆጠራ ይልቅ ከግምት የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ቅጹን ለማሻሻል በቂ ምክንያት ነበር፤ ለመሰረዝ ግን አልነበረም። ደካማ መለኪያ ሲገኝ ተገቢው መፍትሔ መለኪያውን ማጠንከር ነውና።

በቅጹ ፋንታ የመጣው የማሳወቅ ግዴታ ማጠናከሪያ ነው። የተሻሻለው ደንብ ባለፈቃዶች ከመዝናኛ ጋር የተያያዙ የፈቃድ ሁኔታዎችን ድረ ገጽ ካላቸው በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ፣ በመዳረሻ ቦታዎች የፕሮጀክቱን ስም፣ የባለፈቃዱን ማንነትና የፕሮጀክት ቁጥሩን የያዘ ምልክት እንዲተክሉ ያዛል። ማንም ሰው በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ከቦታው እንዳይከለከል የሚያዘው የቆየ ድንጋጌም ጸንቶ ቀጥሏል። ምልክቱ ጠቃሚ ነው፤ በተለይ የፕሮጀክት ቁጥሩ መጻፉ፣ ማንም ሰው በዚያ ቁጥር የኮሚሽኑን የሰነድ መዝገብ በኢንተርኔት ከፍቶ ማየት ስለሚያስችለው ነው። ነገር ግን ምልክት መረጃ የሚያስተላልፈው ከድርጅቱ ወደ ሕዝቡ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ስለ ሕዝቡ ወደ መንግሥት የሚሄድ መረጃ ነበር። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

የጠፋው ነገር ይበልጥ የሚታየው የፈቃዶችን ዕድሜ ስናስብ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሰጡ ፈቃዶች አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝር የመዝናኛ ዕቅድና የክትትል ግዴታ አላቸው፤ የክትትል ግዴታው በራሱ በፈቃዱ ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ እስካልተሻሻለ ድረስ የቅጹ መሰረዝ አይነካውም። ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተሰጡት ግን ስለ መዝናኛ የሚናገሩት በጥቂት መስመሮች ነው፤ ከእነዚህ መካከል በፈቃዳቸው የክትትል ግዴታ ያልተጻፈባቸው ባለፈቃዶች ስለ ጎብኚዎቻቸው በቋሚነት የሚያቀርቡት ሪፖርት ቅጽ 80 ብቻ ነበር። ስለዚህ ለውጡ የከበደው የድሮ ፈቃድ ይዘው በሚሠሩት፣ ማለትም ከሁሉም ይልቅ መጠየቅ በሚገባቸው ፕሮጀክቶች ላይ ነው። ሕጉ ደግሞ የፈቃድ ዘመኑ ያለቀበት ፕሮጀክት አዲሱ እስኪሰጥ ድረስ በቀድሞው ፈቃድ ሁኔታ በዓመታዊ ፈቃድ እንዲቀጥል ያደርጋል። የኦሮቪል የ50 ዓመት ፈቃድ በጃንዋሪ 2007 አብቅቶ፣ ፕሮጀክቱ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዓመታዊ ፈቃድ ሲሠራ ቆይቷል። ኦሮቪልን የማነሣው ሪፖርት አያቀርብም ለማለት አይደለም፤ የአንድ ፈቃድ ቃል ከተጻፈበት ትውልድ አልፎ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማሳየት ነው።

አቤቱታ ክፍተቱን ይሞላል የሚለው መከራከሪያ ደግሞ የማን አቤቱታ ዋሽንግተን እንደሚደርስ መጠየቅን ይጠይቃል። በ2011 ኮሚሽኑ በኦዛርክስ ሐይቅ ዳርቻ በፕሮጀክቱ ወሰን ውስጥ የተሠሩ ቤቶችንና ሌሎች ግንባታዎችን የሚያስነሣ ትዕዛዝ ሲያወጣ፣ የባለንብረቶቹ ድምፅ ወዲያው ተሰማ፤ የኮንግረስ አባላት ጣልቃ ገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የፕሮጀክቱ ወሰን ተከልሶ ጸደቀ። ቤታቸው ይፈርሳል የተባሉ ሰዎች መጮኻቸው ተገቢ ነበር። ግን የዳርቻ ቤት የሌለው፣ እሑድ ጠዋት ከግድቡ በታች ቆሞ ለእራት የሚሆን ዓሣ የሚያጠምድ ሰው፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ለወራት ተቆልፎ ቢያገኘው ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት መኖሩን ማወቁ ያጠራጥራል። የማኅበር አባል አይደለም፤ ጠበቃ የለውም፤ ቦታው ካልተመቸው ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ መሄዱም በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። ቆጠራ እንዲህ ያለውን ሰው ሳይናገር የሚያስገባው ብቸኛ ሥርዓት ነው። ግዴታው ከባለፈቃዱ ትከሻ ወርዶ በአቤት ባዩ ላይ ሲጫን፣ አቤት የማይሉት ከሥዕሉ ይወጣሉ።

የመዝናኛ አጠቃቀም በአኃዝ ሆኖ ወደ ፈቃድ ሲገባ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በማሳቹሴትስ አለ። በዲርፊልድ ወንዝ ላይ በ1994 በተደረሰው ስምምነት መሠረት፣ ወንዙ ለኃይል ማመንጫ ተጠልፎ ውኃ አልባ ይሆን በነበረው የሞንሮ ብሪጅ ክፍል በዓመት 32 ቀን ውኃ ለቀዛፊዎች እንዲለቀቅ ተወሰነ። ቀኖቹ አስቀድመው ይታወቃሉ፤ ቀዛፊው ጉዞውን ያቅዳል፤ ኩባንያውም የሚያጣውን የኃይል መጠን ያውቃል። እንዲህ ያለ ድርድር የሚቻለው ማን፣ መቼ፣ በምን ያህል ብዛት እንደሚጠቀም የሚያሳይ ማስረጃ በጠረጴዛው ላይ ሲኖር ነው።

ቅጹ ይመለስ ቢባል እንደነበረ መመለሱን አልደግፍም። በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ የሚነሣ ፎቶግራፍ በየትኛው ዓመት እንደሚወድቅ ዕድል ነው የሚወስነው፤ ድርቅ ባለበት ዓመት ቢወድቅ ሐይቁ ሰው የማይፈልገው ይመስላል። ቅጹ ባይሰረዝ ኖሮ ቀጣዩ የመረጃ ዓመት የወረርሽኙ ዓመት 2020 ይሆን ነበር፤ እሱም ከሌላው ዓመት ጋር ለማነጻጸር የሚያስቸግር ነው። የተሻለው ሪፖርት እያንዳንዱን ቦታ ለየብቻ፣ በየወሩ፣ ከፍተኛ ቀናትን ለይቶ የሚያሳይ፣ የተቆጠረበትን ዘዴ የሚገልጽ፣ ግምቱን ግምት፣ ቆጠራውን ቆጠራ ብሎ የሚጠራ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጽ 80 ጭራሽ ያልጠየቀው፣ ለማቅረብም ምንም ያህል ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መረጃ አለ። የጀልባ ማውረጃ ወደ ውኃው የሚገባ የኮንክሪት ተዳፋት ነው፤ የኮንክሪቱ ጫፍ የሚያበቃበት ከፍታ በንድፉ ላይ ይታወቃል። ኩባንያው ለኃይል ምርት ውኃውን ሲያወርድ፣ የሐይቁ ወለል ከዚያ ጫፍ በታች ከሆነ ተዳፋቱ በጭቃ ላይ ያልቃል፤ ጀልባ ማውረድ አይቻልም። ግድቡን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ለራሱ ሥራ ሲል የሐይቁን ከፍታ ያለማቋረጥ ይመዘግባል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ በዓመቱ ውስጥ እያንዳንዱ ማውረጃ ስንት ቀን ከአገልግሎት ውጪ እንደነበረና ከእነዚያ ቀናት ስንቱ በበጋ ቅዳሜና እሑድ እንደዋለ ማስላት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ቱቦ አያስፈልገውም፤ ግምት የለበትም። የኃይል ምርትና የሕዝብ መዝናኛ በቀጥታ የሚጋጩበትን ነጥብም ከማንኛውም የጎብኚ ቁጥር ይልቅ በግልጽ ያሳያል። ሕጉ ሁለቱን በእኩል ግምት መዝን ሲል፣ ለሚዛኑ የሚያስፈልገው አኃዝ ይህን የመሰለ ነው።

አገር አቀፍ ግዴታ እስኪመለስ ድረስ ክፍት የቀረው በር የፈቃድ እድሳት ነው። ባለፈቃዱ ፈቃዱ ከማብቃቱ ከአምስት እስከ አምስት ዓመት ተኩል አስቀድሞ የማደስ ፍላጎቱን ያስታውቃል፤ ከማስታወቂያው ጋር በሚያቀርበው የቅድመ ማመልከቻ ሰነድም ያሉትን የመዝናኛ መገልገያዎችና አሁን ያለውን አጠቃቀም ከአቅማቸው ጋር አነጻጽሮ መግለጽ አለበት። በኮሚሽኑ መደበኛ የእድሳት ሂደት፣ ኮሚሽኑ ሂደቱ መጀመሩን ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ማንኛውም ሰው ወይም ማኅበር ጥናት እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ግን በጠቅላላ ምኞት መልክ ከቀረበ ተቀባይነት የለውም፤ የጥናቱን ዓላማ፣ ያለው መረጃ ለምን እንደማይበቃ፣ ውጤቱ ለየትኛው የፈቃድ ግዴታ መነሻ እንደሚሆን፣ የሚሠራበትን ዘዴና ወጪውን መግለጽ አለበት። የጎብኚ ቆጠራና የማውረጃ መዘጋት ሪፖርት በአዲሱ ፈቃድ አንቀጽ ሆኖ እንዲገባ የሚፈልግ ወገን ለዚያ መነሻ የሚሆነውን ጥናት መጠየቅ ያለበት በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ነው። አዲሱ ፈቃድ ያለዚህ አንቀጽ ከወጣ፣ በኋላ እንዲጨመር ለማድረግ ፈቃዱ እንዲከፈት መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ የኮሚሽኑን ፈቃደኝነትና ብዙ ጊዜን የሚጠይቅ፣ ከመጀመሪያው እጅግ የሚከብድ መንገድ ነው።